«ይጠፋል» ተብሎ የተቆለፈበት መጫወቻ



ለተግባር ልምምድ በወጣሁበት ትምህርት ቤት፣ ከልጆች ካርቱን የተወሰደ የፕላስቲክ ጡብ መገጣጠሚያ ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት አየሁ። «ለምን ለልጆቹ አይሰጥም?» ብል፣ «ኧረ ይጠፋል! እንግዳ ሲመጣ እናሳየዋለን» ተባልኩ።

የዴንማርኩ ሌጎ እ.ኤ.አ. በ2006 የስፖንጅቦብን ካርቱን በጡብ አውጥቶ ሸጧል። እንዲህ ያለውን ካርቶኑን ሳይከፍቱ የሚሰበስቡ አዋቂዎች በውጭ አገር ሞልተዋል። ገንዘቡ የራሳቸው ነው፣ አልፈርድም። የትምህርት ቤት ዕቃ ግን የልጆች ነው። የሒሳብ ሰዎች እንዳሰሉት፣ አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው ባለ 8 ጉጥ 6 ጡቦች በ915,103,765 መንገድ ይገጣጠማሉ። ቁም ሳጥን ውስጥ ግን በአንዱም አይገጣጠሙም!

አስፈቅጄ አንድ ቀን ሰጠኋቸው። እውነቱን ልናገር፣ 2 ጡብ ጠፋ፤ ተወቀስኩም። ነገር ግን አንዲት ዝም የምትል ልጅ ቤት ሠርታ፣ ጡቡ ሲያልቅባት ጣሪያውን በጭቃና በቆርኪ ጨረሰችው። ከዚያ በፊት ድምጿን ሰምቼው አላውቅም፤ ያን ቀን ስለ ቤቷ ስታወራ ደወል ተደወለ።

ታዲያ 2 ጡብ ይበልጣል ወይስ የልጅ አንደበት? ቆጥሮ መስጠት፣ ቆጥሮ መቀበል ነው መፍትሔው። ጡብ የሌለበትም አይጨነቅ። የጭላሎ ግርጌ እረኛ ከጭቃ በሬ መሥራት ማንም አላስተማረውም። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በቴሌቪዥን የታየችውን የኛዋን ቀጭኔ ፀሐይንም በጭቃ ማሠራት ይቻላል።

እኛም ነገ የቁም ሳጥን ቁልፍ ይሰጠናል። እንዳንቆልፍበት!