ስለ ሩጫ ፈረስ ድካምና ስለ ደም ማነስ

በእንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓልም ሆነ በሌላ እሽቅድምድም፣ ፈረሱ ሩጫው በቀነሰ ጊዜ «ደም አንሶታል» ብሎ የብረት መድኃኒት ለማስወጋት መቸኮል አይገባም። ፈረስ ከቀይ ደሙ ሲሶ ያህሉን በጣፊያው ያከማቻልና፣ በዕረፍት ሳለ የተቀዳው ደም ያነሰ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ስለዚህ አንድ ምርመራ ብቻውን ለፍርድ አይበቃም። ሣርና ድርቆሽ በሚገባ የሚበላ ፈረስ ብረት የሚያጣው ከስንት አንድ ነው፤ ብረቱ ሲበዛበትም ጉበቱን ይጎዳዋል። አስቀድሞ እግሩና ሳንባው ይመርመር። የደሙ ማነስ ቢረጋገጥ ግን የአንጀት ትል፣ መዥገር የሚያመጣው በሽታ፣ በአርሲና በባሌ ደጋም በጥቂ የሚተላለፈው ዱሪን የተባለው በሽታ ይፈለግ። ሹማምንቱ የእንስሳት ሐኪም ሳያየው መርፌ እንዳይወጋ ሕዝቡን ቢመክሩ፣ ፈረሱንም የባለቤቱንም ገንዘብ ያድናሉ።