«ማን ነሽ?» እና «የማን ነሽ?» አንድ ጥያቄ አይደሉም

ፋይዳ ልንመዘገብ ስንሄድ የሚያስቸግረን ማሽኑ አይደለም፤ ከማሽኑ በፊት ጠረጴዛው ላይ የሚጠብቀን ጥያቄ ነው። ጠረፍ ላይ የምንነግድ ሴቶች ስንቀርብ መዝጋቢው አስቀድሞ ፊታችንንና አነጋገራችንን ያያል። ከዚያ «ከወዲህ ነሽ ከወዲያ?» ይላል። ይህ ጥያቄ ኬላ ላይ ቢነሳ አይገርመንም። ፋይዳ ላይ ግን ቦታው አይደለም።

የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የሚናገረው ስለ ነዋሪ ነው። ባለ 12 አኃዙ ቁጥር ይቺ ሴት አንዲት ናት፣ በሌላ ስም ሁለተኛ አልተመዘገበችም ይላል እንጂ ዜግነት አይሰጥም፣ አይነሳምም። በአገራችን የተጠለሉ ስደተኞች እንኳ በዚሁ ሥርዓት እየተመዘገቡ ነው። ታዲያ ሃያ ዓመት ሙሉ ሽንኩርትና ጨርቅ ስትነግድ የኖረችን ሴት በዜግነት ጥያቄ ማፋጠጥ ከየት መጣ?

ከዚያ ደግሞ የመሸኛው ጣጣ አለ። ከመካከላችን ከወሎ፣ ከጎንደር፣ ከሻሸመኔ መጥተን ጠረፍ ላይ የቀረን ብዙ ነን። የቀበሌ መታወቂያችን ጊዜው አልፏል። ለማሳደስ አሁን ያለንበት ቀበሌ ስንሄድ «መሸኛ አምጪ» እንባላለን። የድሮው ቀበሌ ከሌላው ጋር ተዋህዷል፣ ስሙም ተቀይሯል፤ «ፋይልሽ እዚህ የለም» ይላል። አንዷ ባልደረባችን ለአንድ ማህተም ሦስት ጊዜ ተመላልሳለች። የመኪናውን፣ የአልጋውንና ሱቁ የተዘጋበትን ቀን አብረን ስንደምረው የአንድ ጭነት ትርፍ ሄዷል። ማህተሙን ይዛ ስትመጣ ምን ተባለች? «የልደት የምስክር ወረቀት አለሽ?» የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። እኛ ያኔ ልጆች ወልደን ነበር።

የሚያናድደው መውጫው መኖሩ ነው። ሰነድ የሌለው ሰው ፋይዳ ባለው ምስክር መመዝገብ ይችላል። ይህ ግን ብዙ ጊዜ አይነገረንም፤ እኛው ስናነሳውም «እሱ ለገጠር ሰው ነው» ተብለናል።

ሰነድ ካልጠበቀ አጭበርባሪ ይገባል የሚሉ አሉ፤ ስጋቱን አንንቀውም። ነገር ግን ሰውን ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ የሚይዘው አሥሩ ጣት፣ ዓይንና ፊት እንጂ የቀበሌ ወረቀት አይደለም። ወረቀትማ ደላላ ጋ ይገኛል። መንገዱ በጠበበ ቁጥር ሐሰት አይጠፋም፤ የደላላው ዋጋ ይጨምራል። ይህን ከዕቃ እናውቀዋለን፦ ኬላው ሲከብድ ሸቀጡ መሄዱን አያቆምም፣ በጫካ ይሄዳል።

ከኬላው ማዶም ያው ታሪክ ነበር። የኬንያ ሰሜናዊ ጠረፍ ወጣቶች መታወቂያ ለማውጣት ሌላው ኬንያዊ የማይጠየቀውን ተጨማሪ ማጣሪያ ያልፉ ነበር። ፕሬዚዳንት ሩቶ ይህ እንዲቀር ያዘዙት ገና በ2025 እ.ኤ.አ. ነው። ዘመድ በሁለቱም በኩል ያለን ሰዎች የጎረቤትን ጥሩ ነገር ለማየት ቪዛ አያስፈልገንም።

ባንክ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳ መጠየቅ ከጀመረ ወዲህ ነገሩ የሚዘገይ አይደለም። ዕቁባችንን ጓዳ ውስጥ ማስቀመጥ ሰልችቶናል። ስለዚህ ገና ያልተመዘገባችሁ እህቶች፣ ስትሄዱ በራሳችሁ ስም የወጣ፣ እጃችሁ ላይ ያለ የኢትዮጵያ ሲም ያዙ። በባል ወይም በልጅ ስልክ የተመዘገበች ሴት የማረጋገጫ ቁጥሩ ለእነሱ ነው የሚደርሳቸው፤ ትዳር ሲበላሽ ደግሞ ምን እንደሚመጣ አስቡት። የትውልድ ዘመን ሲጻፍ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁ። 1975 ዓ.ም. እንደ ፈረንጅ ቁጥር ከገባ በአንድ ጊዜ ሰባት ስምንት ዓመት ታረጃላችሁ፣ ከፓስፖርታችሁም ጋር አይገጥምም። የስማችሁን የእንግሊዝኛ ፊደልም ፓስፖርቱን ከፍታችሁ አስተያዩ። በርበሬና ሳሙና የበላው ጣት አልነበብ ቢል ደንግጣችሁ አትመለሱ፤ ዓይንና ፊትም ይወሰዳሉ።

ከጣቢያዎቹ የምንፈልገው ብዙ አይደለም። የምስክሩ መንገድ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ተጽፎ በር ላይ ይለጠፍ። በገበያ ቀን ሳይሆን ገበያ በሌለበት ቀን ቀጠሮ ይሰጠን። የምትመለስ ሴት ካለች ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጣት፤ በቃል የተባረረ ሰው አቤት የሚልበት የለውም።

እኛ እስከዚያው ከነጋዴ ሴቶች መካከል ፋይዳ ያላቸውንና ለመመስከር ፈቃደኛ የሆኑትን ስም ይዘናል። ምስክር ያጣች ቅዳሜ ከገበያ በኋላ እህል ተራው ጋ ትፈልገን።