ትርፍ አምራች ወረዳ ሴፍቲኔት ያስፈልገዋል?

አያስፈልገውም

ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር የተመረጡት በየዓመቱ የእህል እርዳታ ሲጠብቁ የኖሩ ወረዳዎች ናቸው፤ በክልላችን በአማራም ትኩረቱ ወሎና ዋግ ኽምራ ላይ ነበር። ምርጫው ትክክል ነው። ትርፍ አምራቾቹ የቡሬና የጃቢ ጠህናን ወረዳዎች ግን በቆሎና በርበሬ ጭነው ለሌላው ይልካሉ፤ እዚህ የተቸገረ ሰው ያጣው እህል መግዣ ገቢ ነው። ስለዚህ የቡሬው አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሰው በብዛት እንዲቀጥር እንትጋ እንጂ የድሃ መዝገብ አንክፈት። መዝገብ ከተከፈተ ማን ድሃ እንደሆነ የሚወስን ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ኮሚቴ ባለበት ደግሞ ዝምድና አይጠፋም። መንግሥት ድሃን ልለይ ሲል ምን እንደሚያደርግ እንግሊዝ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ1834 የወጣው ሕግ ተረጂውን ዎርክሃውስ ወደሚባል ግቢ አስገባው፤ ባልና ሚስትን ለያየ፣ ድንጋይ አስፈለጠ። ኑሮው ሆን ተብሎ እንዲመር የተደረገው ችግረኛው ፈርቶ እንዲቀር ነው። “አቅመ ደካማውስ?” ለሚለኝ፣ ጎረቤቱ፣ ማኅበሩና እድሩ ከማንም ኮሚቴ በተሻለ ያውቁታል እላለሁ።

ያስፈልገዋል

ተሟጋቼ የወረዳውን ምርት ቆጥረው የየቤቱን ጎታ ሳያዩ አለፉ። በ1989 ዓ.ም. መሬት ሲሸጋሸግ ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ ከወላጁ ካልተቆረሰለት ግን የሚያርሰው የለውም። መሬት ያላት ባልቴትም በሬና ጉልበት ስለሌላት በእኩል ታሳርሳለች። የሚደርሳት ግማሽ ሐምሌና ነሐሴን አያሻግራትም፤ በፍኖተ ሰላም ገበያ እህል የሚወደደውም ያኔ ነው። ወንፈል እንዳትገባ ብድሩን የምትመልስበት ጉልበት የላትም፤ ደቦ እንዳትጠራ ጠላና እንጀራ ይጠይቃል። እድር የሚደርሰው ሰው ሲሞት ነው፣ ያውም መዋጮ ለከፈለ። ፋብሪካውስ ሰባ ዓመት የሞላትን ሴት በምን ሥራ ሊቀጥር ነው? የዝምድናው ስጋት እውነት አለው፤ ስሙ በቀበሌ ስብሰባ ፊት ከተነበበ ግን ማን ያለ አግባብ እንደገባ አገሬው አይስተውም። የእንግሊዙም ታሪክ በ1834 አላበቃም፤ ያው አገር እ.ኤ.አ. በ1908 ሕግ አውጥቶ ከ70 ዓመት በላይ ለሆናቸው ድሆች እስከ አምስት ሽልንግ ሳምንታዊ ጡረታ በፖስታ ቤት በኩል መክፈል ጀመረ፤ ጡረታውን ለማግኘት ማንም ዎርክሃውስ መግባት አላስፈለገውም። የእኛም ሴፍቲኔት ጉልበት ያለውን በሰፈሩ እርከን እያሠራ ይከፍለዋል፣ ለማይችለው ያለ ሥራ ይሰጣል። ክልሉ ቢያንስ ይህን ሁለተኛውን፣ ቀጥታ ድጋፉን፣ በቡሬና በጃቢ ጠህናን ይጀምር።