የሐይቁ ዳር ቸርቻሪዎች ይነሡ ወይስ ይታረሙ?



ባለፈው ወር በተደረገው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ አንድ ማመልከቻ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ማምሸቱ ይታወሳል። ይዘቱም ባጭሩ፣ ከሰፈራችን ፊት ለፊት በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያሉት ቡና አፍዪዎች፣ ዓሣ ጠባሾች፣ ሱቅ በደረቴዎችና ጉሊት ቸርቻሪዎች ባስቸኳይ እንዲነሡ ማዘጋጃ ቤቱ ይጠየቅ የሚል ነበር። ምክንያቱ ቆሻሻ፣ ጢስና ጫጫታ ነው ተባለ። ብዙ ሰው ፈረመ። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ሦስት ነዋሪዎችም ፈርመናል። አሁን ግን ፊርማችንን ለማንሣት ወስነናል። ይህንንም ጎረቤት ሳይሰማ በጓሮ በር ማድረግ ነውር መስሎ ስለታየን ሐሳባችንን በዚህ ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ ተገደናል።

በመጀመሪያ አቤቱታው ውሸት ነው አንልም። እውነት ነው! ጠዋት ወደ ግድቡ የወጣ ሰው የሚያየውን ያያል፤ ፌስታሉ፣ የፕላስቲክ ጠርሙሱ፣ የሸንኮራ ልጣጩ። ጠቁሮ ሬንጅ እስኪመስል ድረስ በተደጋገመ ዘይት ዓሣ የሚጠብሱም አሉ። ሲኒ በሐይቅ ውሃ አለቅልቆ ለደንበኛ ማቅረብ በምንም መንገድ የሚደገፍ ሥራ አይደለም። ድምፅ ማጉያውንማ ተዉት! እስከ እኩለ ሌሊት ሕፃን ያላስተኛን ነገር መከላከል አንችልም። ስንፈርም በአእምሯችን የነበረው ይኸው ነው።

ታዲያ ምን አስለወጣችሁ ብትሉን ነገሩ ቀላል ነው። በማግሥቱ አመሻሽ ላይ ከቤት ወጥተን እንደ ልማዳችን እዚያው ግድቡ ላይ ተቀመጥን። እግራችን ወሰደን፤ ወዴት እንሂድ? ፀሐይዋ ከሐይቁ ማዶ ካሉት ኮረብቶች ጀርባ ስትወርድ፣ መረብ ሊጥሉ የሚወጡት ጀልባዎች አንድ በአንድ ሲቀዝፉ፣ አባ ኮዳዎቹ እንደ ጡረተኛ ሽማግሌ አንገታቸውን ቀብረው ቆመው ሲጠብቁ ያየ ሰው፣ ቡናው ካልቀረበለት አንድ ነገር እንደጎደለ ይሰማዋል። ቡናው መጣ፤ ጤና አዳም ጣል ተደርጎበት፣ ፈንድሻ በትንሽ ሳህን ተከትሎት። አንዱ ከእኛ መካከል የመጀመሪያውን ሲኒ አንሥቶ ከጠጣ በኋላ፣ “እኛ ግን ትናንት ይነሡ ብለን አልፈረምንም እንዴ?” አለ። ማንም አልመለሰለትም። ቡናውን ያፈላችው ሴት ደግሞ አጠገባችን ነበረች፤ ሰምታ ይሁን ሳትሰማ አናውቅም፣ ሁለተኛውን ቀዳችልን።

እስቲ እንነጋገር። በዚህች ከተማ ደመወዝተኛው፣ የባጃጅ ሾፌሩ፣ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ፈረቃዋን ጨርሳ የምትመጣው ወጣት ሠራተኛ፣ ጡረተኛው፣ በሐይቁ ለመደሰት ያላቸው አቅም ምን ያህል ነው? በሐይቁ ዳር ያማሩ ሆቴሎችና መዝናኛዎች አሉን፤ ለከተማችን ክብር ናቸው፤ እንግዳ ሲመጣ እኛም በኩራት እናሳያለን። ዳሩ ግን እዚያ አንድ ቤተሰብ ምሳ በልቶ የሚወጣበት ሒሳብ ለብዙዎቻችን የሳምንት አስቤዛ ነው። በተለይ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዘይትና ስኳር የደረሱበትን ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብናል። ስለዚህ ለብዙው ነዋሪ የቀረችው ቅንጦት ይህችው ናት፤ አንድ ሲኒ ቡና፣ በወረቀት የተጠቀለለ ኦቾሎኒ፣ ለልጅ አንድ ቦምቦሊኖ ወይም የተጠበሰ በቆሎ፣ ወር ሲወጣ ደግሞ አንድ ሙሉ ቆሮሶ ከነዳጣው። ይህችን ብናነሣ ሐይቁ የሚቀረው ለማን ነው? ገንዘብ ለከፈለ ብቻ የሚታይ ውሃ ይሆናል።

ዓሣን ካነሣን አይቀር፣ አሞራ ገደልን ያላየ ሐዋሳን አየሁ አይበል። ማለዳ ጀልባዎቹ ሲጠጉ ቆሮሶውና አምባዛው በየዓይነቱ ይለያል፤ ልጆቹ ዐይን በማይከተለው ፍጥነት ቅርፊቱን ፍቀው፣ ሥጋውን ከአጥንት ለይተው ያስረክባሉ። ጥሬውን በዳጣ የሚበላ አለ፤ ያልለመደ እንግዳ ግን ፊቱን ማዞሩ አይቀርም። የዓሣ ሾርባው በትንሽ ብርጭቆ ይቀርባል፤ ትኩስ፣ ቃሪያው አፍንጫ የሚከፍት፣ ሌሊት ለሠራ ሰው መድኃኒት የሚባል። ሁዳዴ ሲገባ፣ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በየቤቱ እንዳለ ሆኖ፣ ፈላጊው ይበዛል፣ ዋጋውም ይወጣል። ጠባሾቹ የዓመቱን ሒሳብ የሚያቃኑት በእነዚያ ሁለት ወራት ነው ማለት ይቻላል። እኛ ሰፈር ፊት ለፊት የሚጠብሱትም ዓሣውን የሚያመጡት ከዚያው ነው። እነሱ ቢነሡ የሚጎዳው መጥበሻ የያዘው ሰው ብቻ አይደለም፤ አስጋሪው አለ፣ የሚፍቀው ልጅ አለ፣ ከሰል የምታመጣው ሴት አለች፣ ሎሚና ቃሪያ የምትሸጠው አለች።

ሌላም ነገር አለ። ማታ ማታ ግድቡ ላይ ያለው ብርሃን ከየት ነው የሚመጣው? ከመንገድ መብራቱ ይልቅ ከቡና አፍዪዎቹ ነው። ሴት ልጆቻችን ከትምህርት ወይም ከሥራ አምሽተው በዚያ ሲያልፉ የሚያውቋቸው ዐይኖች አሉ። አንዷ ልጅ ቦርሳዋን ልትነጠቅ ስትል ሲኒ የሚያጥቡት ሴቶች ጮኸው እንዳስጣሉላት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ማመልከቻው ላይ ግን ይህ አልተጻፈም። ቦታው ባዶ ቢሆን ጸጥ ይላል የሚሉ አሉ፤ ጸጥታውስ ይኖር ይሆናል፣ እኛ ግን በዚያ ጸጥታ ውስጥ ልጆቻችንን አንልክም።

በጎን ስለ ሰፈር ሱቃችንም አንድ ቃል እንበል፤ የተያያዘ ነውና። ሁላችንም ወር እስኪወጣ በዱቤ እንወስዳለን። ባለሱቁ ጥግ ጥጉ የተቀዳደደች ደብተሩን አውጥቶ ይጽፋል፤ አንዳንዴ ሳንነግረው ያውቀዋል። ደመወዝ ሲመጣ ግን ጥሬ ገንዘባችንን ይዘን ወደ ትልቁ መደብር የምንሮጥ አለን። ይህ ትዝብት ነው! ዱቤ እዚህ፣ ካሽ እዚያ። ከጸሐፊዎቹም አንዱ በዚህ ጥፋተኛ መሆኑን አምኗል፤ ስሙን ግን አንጠቅስም።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ይነሡ ከማለት ይልቅ ይታረሙ ማለት ይሻላል የምንለው እርማቱ የሚቻል ስለሆነ ነው። ሐይቃችን መውጫ የለውም። ጥቁር ውሃ ይገባበታል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ የጣልንበት ሁሉ እዚያው ይቀመጣል። ስለዚህ በቆሻሻው ጉዳይ ቀልድ የለም። ፌስታልን በሚመለከት በ2017 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ከልክሎታል፤ ሕጉ እያለ አዲስ ክርክር ምን ያስፈልጋል? ቸርቻሪው በወረቀት ይጠቅልል፣ ገዢውም ዘንቢሉን ይያዝ። ደግሞ እውነቱን እንናገርና፣ ፌስታሉን ውሃ ላይ የሚወረውረው ሻጩ ነው ወይስ በልቶ የሚነሣው እኛ ነን? ባለፈው እሑድ ቁጭ ብለን አየን፤ ጠባሹ በበርሜል ሲሰበስብ፣ ባለመኪናው በመስኮት ጣለ።

እኛ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ማኅበሩ በየተወሰነ ርቀት በርሜል ያቁም፤ ወጪውን ቸርቻሪዎቹና እኛ እኩል እናዋጣ። ሲኒ የሚታጠብበት ውሃ ከቧንቧ በጀሪካን ይምጣ፤ ይህንን ለማድረግ ፈቃደኛ ያልሆነ ይነሣ፣ በዚህ ላይ እኛም እንፈርማለን። የዓሣው ሆድ ዕቃ ወደ ውሃው ሳይሆን ወደ መያዣው ይግባ፤ አባ ኮዳዎቹ ድርሻቸውን አይጡም፣ ለእነሱ አታስቡ። ዘይቱ ይቀየር። ድምፅ ማጉያው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ይዘጋ። ለጠባሾቹም ጢሱ ወደ ቤቶቹ በማይነፍስበት ጫፍ አንድ ረድፍ ይሰጣቸው። ከመካከላቸው ሁለት ተወካዮች መርጠው በስብሰባችን ቢገኙ ደግሞ ይበጃል፤ እስከ ዛሬ ስለ እነሱ ስንወስን አንድም ቀን ጠይቀናቸው አናውቅም።

ይህን ሐሳብ ለቡና አፍዪዋ ነገርናት። “በርሜሉን አምጡት እንጂ፣ እኔ እጠብቀዋለሁ” አለች። ቀጥላም፣ “ግን መጀመሪያ ያለፈውን ሳምንት ሒሳብ ክፈሉ” ብላ የቴሌብር ቁጥሯ የተጻፈበትን ካርቶን አዞረችልን። ከፈልን።

ማክሰኞ ዕለት ፊርማችንን ለማስሰረዝ ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሄደን ነበር። ጸሐፊው ለምሳ ወጥቷል ተባልን፤ ወረቀቱም የተቆለፈ መሳቢያ ውስጥ ነው አሉን። ጸሐፊውን ከሰዓት በኋላ ያገኘነው ግድቡ ላይ፣ ሾርባ ይዞ ነው። ሰኞ ኑና ስማችሁን እሰርዛለሁ ብሎናል፤ ከእኛ ጋር መሄድ የምትፈልጉ ካላችሁ በሦስት ሰዓት ከሰሌዳው ሥር እንገናኝ።

ሦስት የሰፈሩ ነዋሪዎች