ጓሮ የሌለውስ?

የሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በጓሯችን ጎመን እንድንተክል ስንመከር ከርመናል። ጥሩ ምክር ነው። ግን ሰሞኑን አምቦ መናኸሪያ አካባቢ ካርቶን አንጥፎ ተኝቶ ያየሁት ልጅ የቱን ጓሮ ይቆፍር?

በየትምህርት ቤቱና በየቤተ እምነቱ ግቢ ጦሙን ያደረ መሬት እያለ ሰው ጦሙን ማደር የለበትም። መሬቱ በጋራ ይልማ፤ ጎዳና የሚያድሩትም በቀን ሒሳብ ይሥሩበት።

ጥሬ ጎመን ግን ራት አይሆንም፤ ጎዳና ላይ ድስትም ምድጃም የለም። ስለዚህ አትክልቱ ማብሰያ ቤት ይኑረው። አዲስ አበባ የተስፋ ብርሃን የምገባ ማዕከላትን ከፍታለች፤ ማሳ አጠገባቸው የሆነው አምቦ፣ ጉደርና ጊንጪ ምን ያንሳቸዋል?

እስቲ በሰፈራችሁ ጦሙን ያደረውን መሬት ዛሬውኑ በስልካችሁ ፎቶ አንሡና ቀበሌያችሁን ጠይቁ።