ሳይደርቅ በእርጥቡ፤ ሶፍትዌርም በወረቀት ይፈተን

“ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ” ይላል የአገራችን ሰው። አባባሉ ለሶፍትዌር ሠሪዎቻችንም ይሠራል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ የከተማ ነዋሪ ክፍያውን በስልክ መፈጸም ለምዷል። ቀጥሎ የመብራት ክፍያን፣ የዕቁብና የዕድር ቀንን፣ የአስቤዛ ዝርዝርን አንድ ላይ የሚይዝ የቤት ማደራጃ መተግበሪያ ቢታሰብ አያስገርምም። ጥያቄው ሥራው ከየት ይጀመር የሚለው ነው።

አፕል እ.ኤ.አ. በ1993 ኒውተን የተባለውን የእጅ ማስታወሻ መሣሪያ ለገበያ ሲያቀርብ ቴክኖሎጂው የረቀቀ ነበር። ነገር ግን ከኪስ አይገባም፤ የእጅ ጽሑፍንም አሳስቶ በማንበቡ መቀለጃ ሆነ። በ1998 ምርቱ ቆመ። በአንጻሩ ጄፍ ሃውኪንስ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣውን ፓልም ፓይለት ከመሥራቱ በፊት በመሣሪያው ልክ የተቆረጠ እንጨት በኪሱ ይዞ ይዞር ነበር። ቀጠሮ ሲይዝ እንጨቱን አውጥቶ የሚጽፍ ይመስላል። መሣሪያው ለምን ለምን እንደሚያስፈልግ የተረዳው ገና ሳይሠራ ነው።

ለመተግበሪያ ደግሞ እንጨቱ ወረቀት ነው። እያንዳንዱ የስክሪን ገጽ በእርሳስ ይነደፋል። ተጠቃሚዋ “የዕድር መዋጮ ቀን እንዲያስታውስዎት ያድርጉ” ትባላለች። እሷ በጣቷ ስትነካ አንድ ሰው ወረቀቱን ይቀያይራል። ማስረዳት ክልክል ነው። “ወደዱት?” ብሎ መጠየቅም ብዙ አይጠቅም፤ ይሉኝታ ስላለ “ጥሩ ነው” መባሉ አይቀርም። መታየት ያለበት ጣቷ የት ላይ እንደቆመ ነው።

ወጪውም አያስፈራም። ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 እንደጻፈው አምስት ሰዎች በአማካይ 85 በመቶ የሚሆነውን ችግር ያሳያሉ። አሥራ አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ከመፈተን አምስት አምስቱን ሦስት ጊዜ፣ በየመካከሉ እያረሙ መፈተን ይሻላል። እርግጥ ቁጥሩ የሚሠራው ተጠቃሚዎቹ ሲመሳሰሉ ነው። እናትየዋ፣ የቤት ሠራተኛዋና ተማሪው ልጅ በአንድ ዓይን አያዩም።

እኛ ዘንድ ፈተናው የሚያወጣው ጉድ ሌላ ነው። አንዲት እናት ለጠዋት 2 ሰዓት ብላ የሞላችው ማስታወሻ በፈረንጅ አቆጣጠር ከተነበበ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይጮኻል። የወር ኪራይስ በጳጉሜን ይጠየቃል? ይህን ኮድ አይመልሰውም፤ አምስት ቤተሰብ ግን በአንድ ከሰዓት ይመልሰዋል።

ሳይፈተን የወጣ መተግበሪያ ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ተጠቃሚዋ ጥፋቱን የሠሪው አታደርገውም፤ “እኔ አላውቅበትም” ብላ ስልኩን ታስቀምጣለች። የዕድሩ ቀን ያልፋል፤ ቅጣቱን የምትከፍለውም እሷ ናት። ስለዚህ መተግበሪያ የሚያሠራ ድርጅት ሁሉ ውል ከመፈረሙ በፊት “ኮዱ ሳይጻፍ በማን እጅ ይፈተናል?” ብሎ ይጠይቅ። እርማት በወረቀት ላይ ላጲስ ብቻ ይፈልጋል፤ ካለቀ በኋላ ግን ቤት አፍርሶ እንደመሥራት ነው።