የሰው አገር ልማድና የእኛ መርዶ
(ከ12ኛ ክፍል ተማሪ)



በጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ በሚገኘው ሰፈራችን ባሕር ማዶ ዘመድ የሌለውን ቤት ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም። አንዱ ሴት ልጁን ወደ ዐረብ አገር ልኳል፤ የሌላው ወንድም ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ገብቷል፤ ሌላው ደግሞ ዛሬ ነገ እሄዳለሁ እያለ ፓስፖርቱን በሣጥን አስቀምጦ ይጠባበቃል። ወደ ፒያሳ የሚሄደውን ታክሲ ለመያዝ የተሰለፈ ሰው ጆሮውን ቢሰጥ፣ ወሬው ሁሉ ስለ ቪዛና ስለ ምንዛሪ ሆኖ ያገኘዋል። ስለ መሄድ ይህን ያህል የምናወራ ሰዎች፣ የሄዱት ሰዎች በየቀኑ ስለሚኖሩት ኑሮ ግን የምንጠይቀው ጥቂት ነው። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚሁ ነገር ነው። በቤታችን ስላለ አንድ ጉዳይም አስተያየቴን ሳልሸሽግ እናገራለሁ።

«እንደ አገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ» ሲሉ አባቶቻችን መክረውናል። ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን የወንዙን ጥልቀት ለተሻጋሪው አስቀድሞ የሚነግረው የለም። ሰውን የሚያሰጥመውም ብዙ ጊዜ ትልቁ ነገር ሳይሆን ትንሹ ነው።

የእናቴ ታላቅ ወንድም የሆኑት አጎቴ አሜሪካ ውስጥ፣ በሜሪላንድ ግዛት ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባል ከተማ ይኖራሉ። ወደዚያ በሄዱበት ዓመት አንድ የሥራ ባልደረባቸው እራት ጋበዛቸው። ከመጀመሪያው ሳህን በኋላ «ልጨምርልህ?» ቢላቸው፣ እንደ ወጋችን «በቅቶኛል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉት። እርሳቸው «በሞቴ» የሚለውን ሁለተኛ ልመና ሲጠብቁ ገበታው ተነሣ። እንደ ራባቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሰውየው ንፉግ ሆኖ አይደለም፤ ቃላቸውን አመነ እንጂ! ደግሞም ሲያነጋግሯቸው እንደ እኛ ሰው ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው «እ» ሲሉ፣ ሰዎቹ የደነገጡ ወይም ያመማቸው እየመሰላቸው ይጨነቁ ነበር። ታላቅን ሰው ዓይን ለዓይን ማየት ነውር ነው ተብለው ስላደጉ፣ አለቃቸው ሲናገር መሬት መሬት ያዩ ነበር፤ አለቃው ግን የሚደብቁት ነገር ያለ መሰለው።

የስሙ ነገርማ ከሁሉ ይብሳል። እኛ የራሳችንና የአባታችን ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የሚባል የለንም፤ ሚስትም በባሏ ስም አትጠራም። የአሜሪካ ወረቀት ግን የመጨረሻ ስም ካልተጻፈ አይሞላም፤ ስለዚህ የአያታቸው ስም ተጻፈ። ከዚያ ወዲያ በባንኩም በሐኪም ቤቱም «ሚስተር» እየተባለ የሚጠራው አያታቸው ሆኑ። «ስጠራ ሟቹ ተነሥተው ከኋላዬ የቆሙ ይመስለኝ ነበር» ይላሉ አጎቴ እየሣቁ። ዛሬ ይሥቃሉ፤ ያን ጊዜ ግን እንዳልሣቁ ከእናቴ ሰምቻለሁ።

ታላቅ እኅቴ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. በቤት ሠራተኛነት ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ፣ ወደ ሪያድ ሄደች። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ሠራተኛው በሙያው የምስክር ወረቀት እንዲኖረው ደንግጓልና፣ እርስዋም ከመሄዷ በፊት ሠልጥናለች። ስለ ልብስ ማጠቢያ መኪናና ስለ ምንጣፍ መጥረጊያ ተምራለች። ያላስተማሯት የሰዓቱን ነገር ነው።

ሪያድና አዲስ አበባ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ናቸው፤ እኛ ዘንድ ቀትር ሲሆን እነርሱም ዘንድ ከቀትር ብዙ አይርቅም። ሆኖም እኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት የምንለውን እነርሱ 7 ይሉታል። በሁለተኛው ቀን ማታ የቤቱ እመቤት ልጆቹን በስንት ሰዓት እንደምትቀሰቅሳቸው ለማስረዳት ስድስት ጣቶቿን አሳየቻት። እኅቴም 6 ሰዓት ማለት እኩለ ቀን ነው ብላ፣ «የሀብታም ልጆች እንዲህ ይተኛሉ ማለት ነው» እያለች በጸጥታ ቤቱን ስታጸዳ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ቀሩ። የሰዓቱን መለያየት አታውቅም ነበርን? ታውቃለች፤ በስልኳ ላይ በየቀኑ ታየው ነበር። ነገር ግን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ በደነገጠ ልብ ማስታወስ ሌላ ነገር ነው። የዚያን ቀን የወረደባት ስድብ እስከ ዛሬ ከጆሮዋ አልወጣም።

እሑድ እዚያ የሥራ ቀን ነው፤ የሳምንቱ ዕረፍት ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ዓርብና ቅዳሜ ሆኗል። ረቡዕና ዓርብ ስትጾም እመቤቲቱ ተቆጥታ ምግብ የተወች መሰላት። በረመዳን ደግሞ ቤቱ ሁሉ ሌሊት ስለሚበላ፣ እርስዋ ሌሊቱን ስታበስል ታድራለች። ስሟ ለአፋቸው ስለ ከበዳቸው በሌላ ስም ይጠሯታል። «ስሜን የምሰማው እናንተ ስትደውሉልኝ ብቻ ነው» ያለችኝን መቼም አልረሳውም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ባለፈው ኅዳር አያታችን አረፉ። እኔንም እኅቴንም ያሳደጉን እርሳቸው ናቸው፤ ሁላችንም «እምዬ» እያልን እንጠራቸው ነበር። ሥርዓተ ቀብራቸው በጴጥሮስ ወጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ተፈጸመ። በዚያው ሳምንት ለአጎቴ መርዶ እንዲነገር ተደረገ። በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ኢትዮጵያውያን እንደ እኛ ሰፈር ሰዎች ዕድር አላቸውና፣ እናቴ ለአንድ የቅርብ ወዳጃቸው ደወለች። በማግሥቱ ገና ሳይነጋ፣ አጎቴ ወደ ሥራ ሳይወጡ፣ ስድስት ሰዎች ቡና በፔርሙስና ዳቦ ይዘው በራቸውን አንኳኩ። በዚያ አገር ሳይጠራ በሌሊት በር የሚያንኳኳ እንግዳ የለም። አጎቴ በሩን ከፍተው የቆሙትን ሰዎች ሲያዩ፣ ማንም ቃል ሳይናገር ነገሩ ገባቸው። ሦስት ቀን ከሥራ ፈቃድ ወስደው፣ ሰው ሳይለያቸው አለቀሱ።

ለእኅቴ ግን አልተነገራትም። ይኸው ወሩ ሰባት ሆነ፤ አርባውም ሰማንያውም አለፈ። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ትደውልና «እምዬን አቅርቡልኝ» ትላለች። እኛም አንድ ጊዜ ተኝተዋል፣ አንድ ጊዜ ጠበል ሄደዋል፣ አንድ ጊዜ ጆሯቸው ከብዷልና በስልክ አይሰሙም እንላታለን። እኔ ራሴ ሦስት ጊዜ ዋሽቻታለሁ። በየካቲት ወር ወደ አገሩ በተመለሰ የሰፈራችን ሰው እጅ ወፍራም ብርድ ልብስ ላከች፤ «እግራቸውን ይበርዳቸዋልና ለእምዬ ነው» ብላ። እናቴ ተቀብላ በፕላስቲኩ እንዳለ ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ያን ቀን በቤታችን እራት የበላ ሰው አልነበረም።

እናቴ ያለ ምክንያት አልደበቀችም። «የሰው አገር፣ የሰው ቤት ናት፤ ድንገት ብትሰማ ማን ይይዛታል? ማን ፊቷን ያጥባታል? ዕንባዋን ውጣ ወጥ ቤት ትገባለች እንጂ» ትላለች። ይህ ዕውነት ነው። የመርዶ ሥርዓታችን ጥበብ እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ክፉ ወሬ ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ፣ የሚያለቅስበትም ሙሉ ቀን እንዲኖረው በማለዳ በብዙ ሰው ፊት ይነገረዋል። በስልክ ሞት መንገር ለእኛ ጭካኔ ነው። ይሁን እንጂ የእናቴን አሳብ ሁሉን አልቀበለውም።

ምክንያቴም ይህ ነው። እኅቴ በሰው ሰዓት እንድትነሣ፣ በሰው ስም እንድትጠራ፣ ዓባያ እንድትለብስ፣ ሌሊቱን ስታበስል እንድታድር ሲደረግ፣ እኛ «ልመጂው» ብለናታል። ሁሉንም ለምዳዋለች። በቤት የቀረነው እኛ ግን ከገዛ ልማዳችን አንዲት ጣት ፈቀቅ ለማለት አልፈለግንም። እንደ አጎቴ ስድስት ሰው በደጇ ሊቆምላት አይችልም ብለን፣ ሁለት ሰው እንኳ እንዳይቆምላት አደረግን። ልማዱን የጠበቅንላት ይመስለናል፤ ነገር ግን የልማዱን ቅርፊት ለራሳችን አስቀርተን ፍሬውን ከለከልናት። ነገ ኮንትራቷን ጨርሳ ስትመጣ ከቦሌ በቀጥታ ወደ ለቅሶ ልትገባ ነውን? በየሳምንቱ ስትጠይቃቸው የኖሩት እምዬ በመቃብር እንደ ነበሩ ስታውቅ የማናችንን ቃል ታምናለች?

በታሪክ ትምህርት ስለ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ስንማር ይኸው አሳብ መጣብኝ። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በ1860 ዓ.ም. የ7 ዓመት ልጅ ሳለ ወደ እንግሊዝ አገር ሲወሰድ፣ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ገና ከኢትዮጵያ ሳይወጡ በመንገድ ሞቱ። በራግቢ ትምህርት ቤት ገባ፤ ኋላም ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ሄደ። የእንግሊዝን አኗኗር እንዲለምድ ያልተደረገለት ነገር የለም፤ በዙሪያው ግን የአገሩ ሰው አልነበረም። በኅዳር ወር 1872 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ በሳንባ በሽታ ሲሞት ዕድሜው 18 ነበር፤ እኔ አሁን ያለሁበት ዕድሜ መሆኑ ነው። ዐፅሙ እስከ ዛሬ በዊንድሰር ነው፤ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ በ2015 ዓ.ም. እንዳልተቀበለው በዜና ሰምተናል። የእኅቴ ነገር ከእርሱ ጋር የሚመዛዘን አይደለም፤ እርስዋ ሥራ ፈልጋ ወዳ የሄደች ናት። ነገር ግን ሰው የሌላውን አገር ልማድ የሚችለው የራሱ የሆነ ሰው አብሮት ሲያዝን ነው ብዬ አምናለሁ።

እኅቴ እንዲህ ያለ ሰው በሪያድ አንድ አላት። በዚያው ፎቅ በሌላ ቤት የምትሠራ የደሴ ልጅ ናት፤ ቆሻሻ ሊጥሉ ሲወርዱ ተዋውቀው፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቡና አብረው ይጠጣሉ። ስልኳ በእኔ ዘንድ አለ። አጎቴን ባማክራቸው «እኔም ሰባት ወር ሙሉ አብሬ መዋሸቴ ያሳፍረኛል» አሉኝ። አሳቤ ይህ ነው፦ አስቀድመን ለደሴዋ ልጅ እንንገራት፤ ከተቻለ ለእመቤቲቱም ታስረዳልን፤ እርስዋም ሰው ናትና እናት ወይም አያት ቀብራ ይሆናል። ከዚያ በኋላ በዕረፍቷ ቀን፣ ወዳጇ አጠገቧ ተቀምጣ ሳለ፣ እኛም አጎቴም በስልክ ሆነን እንንገራት። መርዶው በማለዳ መሆኑ ይቀራል፤ ጐረቤት መሰብሰቡም ይቀራል። የሚያቅፋት ሰው ግን ይኖራል።

ይህን ጽሑፍ ለመጽሔቱ አዘጋጅ መምህር ሳስረክብ፣ እኅቴ ሳትሰማ እንዳይታተም ለምኛቸው እሺ ብለውኛል። ከዚያ በፊት ባለው ማታ ግን ለእናቴ አነበብሁላት። እስክጨርስ ድረስ ምስር ስትለቅም ቆየች፤ ስለ ብርድ ልብሱ የጻፍሁት ላይ ስደርስ ብቻ እጇን አቆመች። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፣

«ዓርብ በስንት ሰዓት ነው የምታርፈው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«በ9 ሰዓት» አልኋት።

«በእኛ ነው ወይስ በእነርሱ?»

«በእኛ 9፣ በእነርሱ 3 ነው» ብዬ መለስሁላት።